ስሙ የማይነሣው ጠራጊ

ቀን ከሌት የሚለዋወጥ የኮምፒዩተር መዝገብ ካልተጠረገ ምን ይደርስበታል?

ገና ጎሕ ሳይቀድ በአዲስ አበባ ጎዳና የሚያልፍ ሰው ጠራጊዎቹን ያገኛቸዋል። ረዥሙን መጥረጊያ ይዘው የወረቀቱን ቁራጭ፣ የሙዙን ልጣጭ፣ አቧራውን ከየጥጉ ወደ አንድ ይሰበስባሉ። ሁለት ሰዓት ሲሆን ሠራተኛው ወደ ቢሮው፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤቱ ሲተም ጎዳናው ንጹሕ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ማን እንዳጸዳው ግን የሚጠይቅ የለም። ጠራጊ የሚታወሰው ሥራውን ባቋረጠ ዕለት ብቻ ነው።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናስተዋውቀው ጠራጊም ዕጣው ይኸው ነው። ልዩነቱ እጅና እግር የሌለው፣ ደመወዝ የማይጠይቅ፣ በኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ የሚኖር መሆኑ ነው። ሥራው በአግባቡ ሲካሄድ ማንም አያየውም። ሥራው ወደ ኋላ የቀረበት ድርጅት ግን፣ ከዚህ በታች እንደምናየው፣ የአንድ የሥራ ቀን አብዛኛውን ክፍል፣ አልፎም 40 ሰዓት ያህል እጁን አጣጥፎ እስኪቀመጥ ድረስ ደርሷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ጸሐፊው አሮጌውን ለምን አይፍቅም?

ዳታቤዝ ወይም የመረጃ ቋት የሚባለው የኮምፒዩተር መዝገብ ቤት ነው። የባንክ ደንበኛ ሒሳብ፣ የመጋዘን ዕቃ፣ የሕመምተኛ ካርድ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ ሁሉም በየሠንጠረዡ ተለይቶ፣ መስመር በመስመር ተጽፎ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ከእነዚህ መዝገብ ቤቶች አንዱ ፖስትግሬስ ይባላል። ያለ ክፍያ ለማንም የተፈቀደ ስለ ሆነ በዓለም ላይ እጅግ ተስፋፍቷል። ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በኖርዌይ አገር በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተወለደው ‹ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2› የተባለ የጤና መረጃ ማሰባሰቢያ የተመሠረተው በፖስትግሬስ ላይ ነው፤ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴርም ከየጤና ተቋማቱ የሚመጣውን ሪፖርት የሚሰበስበው በዚሁ ማሰባሰቢያ ነው።

አሁን ወደ ድሮው የወረቀት መዝገብ እንመለስ። አንድ ጸሐፊ የጻፈው ቍጥር ሲለወጥበት ሁለት መንገድ አለው። ወይ አሮጌውን ፍቆ በቦታው አዲሱን ይጽፋል፤ ወይም አሮጌውን በቀይ ቀለም ሰርዞ አዲሱን በሌላ መስመር ያሰፍራል። ፖስትግሬስ የመረጠው ሁለተኛውን ነው።

አንድ ነጋዴ በባንክ 5,000 ብር አለው እንበል። ነጋዴው 200 ብር ሲያወጣ መዝገቡ 5,000 የሚለውን መስመር አይነካካውም። 4,800 የሚል አዲስ መስመር ይጽፍና በአሮጌው ላይ ‹ከዚህ ሥራ ወዲህ አይሠራበትም› የሚል ምልክት ብቻ ያደርጋል። በዚያው ቅጽበት አንድ የሒሳብ ሹም የደንበኞቹን ሁሉ ገንዘብ እየደመረ ቢሆን፣ ድምሩን የጀመረው ነጋዴው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ነውና 5,000ውን ያያል። ከእርሱ በኋላ የመጣ ሰው ደግሞ 4,800ውን ያያል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም ‹ቆይ፣ ሌላ ሰው ይዞታል› አይባሉም። አንባቢ ጸሐፊን አያግድም፤ ጸሐፊም አንባቢን አያግድም። በሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚገለገሉበት መዝገብ ያለ ወረፋ የሚሠራው በዚህ ብልኀት ነው።

ብልኀቱ ግን ዕዳ አለበት። የሒሳብ ሹሙ ድምሩን ጨርሶ ሲነሣ 5,000 የሚለውን አሮጌ መስመር የሚፈልገው ሰው የለም። መስመሩ ግን ከቦታው አይነሣም። ባለሙያዎቹ ይህን ‹ሙት መስመር› ይሉታል።

ትንሹ መዝገብ ሲያብጥ

ተጽፎ ብቻ በሚቀመጥ መዝገብ ላይ ይህ ነገር ብዙም አያስቸግርም። ጭንቁ የሚመጣው ቀኑን ሙሉ በሚለዋወጥ መዝገብ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል የተሽከርካሪዎችን ቦታ የሚከታተል አንድ ሠንጠረዥ እንውሰድ። በውስጡ ያሉት ተሽከርካሪዎች 1,000 ብቻ ናቸው፤ የያንዳንዱም ቦታ በየደቂቃው ይታደሳል። በቀን ውስጥ 1,440 ደቂቃ ስላለ፣ ማታ ላይ ሲቈጠር 1,440,000 ሙት መስመር ተከማችቷል ማለት ነው። ሕያዋኑ ግን ያው 1,000 ናቸው።

እንግዲህ ኮምፒዩተሩ አንዱን ተሽከርካሪ ለማግኘት ገለባውን ሁሉ እያበጠረ ፍሬውን መፈለግ ይሆንበታል። ፖስትግሬስ መዝገቡን የሚያስቀምጠው እያንዳንዳቸው 8 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች ከፋፍሎ ነው። ገጾቹ በሙት መስመር ሲሞሉ አዳዲስ ገጽ ይጨመራል፤ ማውጫውም አብሮ ያብጣል፤ ፈጣኑ የማስታወሻ ክፍል በማይረባ ነገር ይጣበባል። ትናንት በዐይን ጥቅሻ ይመጣ የነበረ መልስ ዛሬ ይዘገያል። የመሥሪያ ቤቱ ኀላፊም ‹ማሽኑ አርጅቷል፤ ትልቅ ይገዛ› ይላል። ማሽኑ ግን አላረጀም፤ ቤቱ አልተጠረገም እንጂ።

የጠራጊው ትውልድ

ጠራጊው ስሙን ያገኘው ቤት ውስጥ ምንጣፍ ከሚጠርገው የኤሌክትሪክ መጥረጊያ ነው፤ ‹ቫኩም› ይባላል። የትውልዱ ታሪክ ግን ያልታሰበ ነው። በ1986 በአሜሪካ በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ማይክል ስቶንብሬከርና ባልደረቦቻቸው ፖስትግሬስን መሥራት ሲጀምሩ፣ አሮጌው መስመር ሳይፋቅ እንዲቀር ያደረጉት አስበውበት ነው። ‹ይህ ሠንጠረዥ ያለፈው ዓመት በዛሬው ቀን ምን ይመስል ነበር?› ብሎ መጠየቅ እንዲቻል ይፈልጉ ነበር። በዚያ ዘመን ቫኩም የሚባለው ሥራ አሮጌውን መስመር ሰብስቦ ወደ ማኅደር የሚያዛውር ነበር። የዛሬው ጠራጊ ያን ጊዜ ማኅደር ጠባቂ ነበር ማለት ነው።

ያለፈውን ዘመን የማየቱ ችሎታ ግን ቦታም ጊዜም ስለሚበላ በ1997 ተተወ። ቫኩም ከዚያ ወዲህ ማኅደሩን ትቶ መጥረጊያ ብቻ ይዞ ቀረ። ስቶንብሬከር በመረጃ ቋት ሥራቸው የ2014ቱን የቱሪንግ ሽልማት ተቀብለዋል፤ ይህም በኮምፒዩተር ሊቃውንት ዘንድ ትልቁ ክብር ነው።

በመጀመሪያ ጠራጊው ቤቱን ሲጠርግ ሰው ሁሉ ውጭ መቆም ነበረበት። ሠንጠረዡ እየተቈለፈ ይጠረግ ስለ ነበር ሥራው ለሌሊት ይቀጠር ነበር። በ2002 የወጣው ዕትም ይህን አሻሽሎ፣ ሰዎች እየጻፉና እያነበቡ ሳለ በመካከላቸው መጥረግ እንዲቻል አደረገ። በ2005 ደግሞ ጠራጊው ሳይጠሩት በራሱ የሚነሣበት ሥርዓት በመዝገብ ቤቱ ውስጥ ገባ፤ ከ2008 ጀምሮም ማንም ሳያዝዘው የሚሠራ ሆነ። ‹አውቶቫኩም› የሚባለው ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም። ይህ ጠራጊ ሙቱን መስመር አንሥቶ ቦታውን ለሚቀጥለው መስመር ያዘጋጃል እንጂ፣ በመዝገቡ መጨረሻ ላይ ባዶ የሆኑ ገጾች ካላገኘ በቀር፣ ቦታውን ለኮምፒዩተሩ አይመልስም። ክፍሉን አጽድቶ ለሌላ እንግዳ ያሰናዳል፤ ሆቴሉን ግን አያሳንስም። አንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ያበጠ ሠንጠረዥ በየቀኑ መጥረጊያ የማይከሳውም ስለዚህ ነው።

ጠራጊው መቼ ይነሣል?

አውቶቫኩም እንደ ልማዱ በየደቂቃው ብቅ ብሎ ያያል። አንድን ሠንጠረዥ የሚጠርገው ሙት መስመሮቹ 50፣ ሲደመር ከመስመሮቹ ብዛት 20 በመቶ ሲያልፉ ነው። ሠንጠረዡ 1,000 መስመር ቢኖረው 250 ሲደርስ ይነሣል፤ ይህ መልካም ነው። 1,000,000 መስመር ላለው ግን 200,050 ሙት መስመር እስኪከማች ይጠብቃል ማለት ነው። 100,000,000 መስመር ሲሆን ሃያ ሚሊዮን መጠበቅ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጠራጊው ሲነሣ የሚያገኘው ጥራጊ ሳይሆን ተራራ ነው።

ከዚህም በላይ ጠራጊው ሌላውን ሠራተኛ እንዳያውክ ጥቂት ጠርጎ ጥቂት እንዲያርፍ ታዟል። ዕረፍቱ እስከ 2019 ድረስ 20 ሚሊ ሰከንድ ነበር፤ በዚያ ዓመት በወጣው 12ኛ ዕትም ወደ 2 ሚሊ ሰከንድ ዝቅ ተደርጓል። በ2025 የወጣው 18ኛ ዕትም ደግሞ ሠንጠረዡ የቱንም ያህል ቢገዝፍ ጠራጊው ከ100,000,000 ሙት መስመር በላይ እንዳይጠብቅ ወሰን አበጅቶለታል። ሠሪዎቹ ከዓመት ወደ ዓመት ያደረጉት ማሻሻያ ወደ አንድ ሐሳብ ያመራል፤ ይኸውም አብዝቶ አንድ ጊዜ ከመጥረግ አሳንሶ ቶሎ ቶሎ መጥረግ ይሻላል የሚል ነው።

ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ ሲዘገይ ምክንያቱን የሚፈልግ ሰው ዝርዝሩን ይገልጥና አውቶቫኩም ሥራ ላይ ሆኖ ያገኘዋል። ‹ሌባው ተያዘ!› ብሎ ያስቆመዋል። ለጥቂት ሰዓትም ማሽኑ የፈጠነ ይመስለዋል። ነገር ግን ጠራጊው የተገኘው ቆሻሻው ስለ በዛ ነው እንጂ ቆሻሻውን ያመጣው እርሱ አይደለም። ሲባረር ቆሻሻው ይቀራል፤ ነገም በእጥፍ ይጠብቃል።

መዝገቡን ገልጦ ምሳ የሄደው ሰው

ጠራጊው በሰዓቱ ተነሥቶም ምንም ሳያነሣ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ነው። ጠዋት በሦስት ሰዓት አንድ ሥራ ጀምሮ፣ ሳይጨርሰውና ሳይዘጋው ምሳ ሄዷል። የጀመረው ሥራ ክፍት እስከ ሆነ ድረስ መዝገብ ቤቱ ቃሉን ይጠብቅለታል፤ ‹ሲመለስ የሦስት ሰዓቱን መልክ ማየት ይፈልግ ይሆናል› ይላል። ስለዚህ ከሦስት ሰዓት ወዲህ የሞተ መስመር ሁሉ፣ ሌላ ማንም ባይፈልገው እንኳ፣ አይነሣም። ጠራጊው ይመጣል፤ ያያል፤ ‹ይህን ገና የሚፈልግ ሰው አለ› ብሎ ጥሎት ይሄዳል።

አንድ ሰው አንድ መስኮት ሳይዘጋ ስለ ቀረ ብቻ የመሥሪያ ቤቱ ሠንጠረዥ ሁሉ ሊያብጥ ይችላል። ሰውየው ክፉ አላሰበም፤ ምን እንዳደረገም አያውቅም። በ2016 የወጣው ዕትም ሥራ ከፍቶ ዝም ያለን ሰው ከተወሰነ ጊዜ በኋላ የሚያሰናብት ትእዛዝ ጨምሯል። ትእዛዙ ግን ኀላፊው ካላበራው በቀር አይሠራም።

ወደ መጀመሪያው የሚዞረው ቍጥር

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ መዘግየት ነው። ከመዘግየት የከፋ ነገር ግን አለ።

መዝገቡን የሚለውጥ እያንዳንዱ ሥራ ተራ ቍጥር ይሰጠዋል። በየመስመሩም ላይ ‹ይህን የጻፈው የዚህ ቍጥር ሥራ ነው› ተብሎ ይታተማል። ለቍጥሩ የተመደበው ቦታ 32 ቢት ብቻ በመሆኑ ከ4.29 ቢሊዮን ገደማ በላይ አይቈጥርም፤ ከዚያ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር መቍጠሪያ ወደ መጀመሪያው ይዞራል።

ነገሩን በግድግዳ ሰዓት እንየው። ሰዓቱ 12 ቍጥር ብቻ አለው። መርፌው 8 ላይ ሳለ ‹5› የሚል ጽሑፍ ያገኘ ሰው፣ ያለፈው አምስት ሰዓት ነው ወይስ የሚመጣው? ስለዚህ አንድ ደንብ እናውጣ፤ ከመርፌው በስተኋላ ያሉት 6 ሰዓቶች ያለፉ፣ ከፊቱ ያሉት 6 ሰዓቶች ገና የሚመጡ ይባሉ። በዚህ ደንብ 5 ያለፈ ነው። ነገር ግን መርፌው ተጕዞ 12 ላይ ቢደርስ፣ ያው 5 ከኋላው በ7 ሰዓት ይርቃል፤ ከፊቱ ግን 5 ሰዓት ብቻ ይቀረዋል። ያለፈው ነገር ሳይነካ ‹ገና የሚመጣ› ሆነ!

በፖስትግሬስም እንዲሁ ነው። ከመጻፉ ወዲህ 2.1 ቢሊዮን ያህል ቍጥር ያለፈበት መስመር ገና ያልተጻፈ መስሎ ከዐይን ይሰወር ነበር። ይህ እንዳይሆን ጠራጊው ሁለተኛ ሥራ አለበት። ያረጁትን ሕያዋን መስመሮች እየዞረ ‹የረጋ› የሚል ማኅተም ያደርግባቸዋል፤ ይህ ማኅተም ያለበት መስመር መርፌው የትም ቢዞር ያለፈ ሆኖ ይኖራል።

2.1 ቢሊዮን ብዙ ይመስላል። ነገር ግን በሰከንድ 1,000 ቍጥር የሚወስድ መሥሪያ ቤት በ25 ቀን ውስጥ ይጨርሰዋል። ስለዚህ የአንድ ሠንጠረዥ ዕድሜ 200 ሚሊዮን ቍጥር ሲሞላ፣ ኀላፊው አውቶቫኩምን ቢዘጋው እንኳ ጠራጊው በግድ ይነሣል። ከ2021ዱ 14ኛ ዕትም ወዲህ 40 ሚሊዮን ቍጥር ሲቀር ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። 3 ሚሊዮን ሲቀር ደግሞ አዲስ ቍጥር አልሰጥም ይላል። ማንበብ ይቻላል፤ መጻፍ ግን አይቻልም። መዝገቡ የሰዎችን ንብረት ከሚያጠፋ እጁን ቢያጥፍ ይመርጣል።

እጅ የታጠፈባቸው ቀኖች

ይህ ተረት አይደለም። ጁላይ 20 ቀን 2015፣ ሰኞ ዕለት፣ የፕሮግራም ስሕተቶችን ለሠሪዎቻቸው የሚያሳውቀው ሴንትሪ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት በዚሁ ምክንያት የሥራውን ቀን አብዛኛውን ክፍል ቆሞ ዋለ። ድርጅቱ የደረሰበትን ሳይደብቅ ጽፎ ለሕዝብ አቅርቦታል፤ ብዙ ባለሙያዎችም ከዚያ ጽሑፍ ተምረዋል።

ከአራት ዓመት በኋላ ነገሩ በሌላ ቤት ተደገመ። ማንድሪል የተባለው የሜይልቺምፕ አገልግሎት ሥራው የሌሎችን ድርጅቶች ደብዳቤ በኢሜይል ማድረስ ነው፤ የዕቃ ገዢ ደረሰኝ፣ የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው የሚጠብቀው መልእክት፣ ይህን የመሰለ ነገር ሁሉ በእርሱ በኩል ያልፋል። መዝገቡ በአምስት የፖስትግሬስ ማሽኖች ላይ የተከፈለ ነበር። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2019፣ እሑድ ሌሊት፣ ከአምስቱ በአንዱ ላይ የሚጻፈው ሥራ በድንገት በረከተ፤ ወደ ኋላ የቀረው ጠራጊ ሳይደርስ ቍጥሩ አለቀ፤ ማሽኑም መጻፍ አቆመ። ቀሪዎቹ አራቱ ጤነኞች ነበሩ። ሆኖም በአንዱ መታመም ምክንያት ችግሩ 40 ሰዓት ያህል ቆየ። መዝገቡ ትልቅ ስለ ነበር ‹አሁን እንጥረገው› ቢባልም መጥረጉ ራሱ ረዥም ጊዜ የሚፈጅ ሆነ።

የነገሩ መራራ ትምህርት ይህ ነው። መጥረጉ የተተወው ሥራ እንዳይጓተት ቢሆን ኖሮ እንኳ፣ በመጨረሻ ሥራው ሁሉ ቆሞ መጥረጉን መጠበቅ ግድ ይሆናል። ዕዳው አይሰረዝም፤ ቀኑን መምረጥ ብቻ ከባለ ዕዳው እጅ ይወጣል።

‹እንግዲያው ለምን ሌላ መዝገብ አይመረጥም?› የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የመረጡም አሉ። ኡበር የተባለው የታክሲ ድርጅት በ2016 ከፖስትግሬስ ወደ ማይኤስኪውኤል የዞረበትን ምክንያት ሲገልጽ፣ አንድ ነገር በተለወጠ ቍጥር አዲስ መስመርና አዲስ የማውጫ ጽሑፍ መጨመሩን አንዱ አድርጎ ጠቅሷል። ማይኤስኪውኤልና ኦራክል አዲሱን በአሮጌው ቦታ ጽፈው አሮጌውን ለብቻው በሌላ ክፍል ያቆዩታል። ያም ክፍል ግን መጽዳት አለበት። መጥረጊያው የተቀመጠበት ቦታ ይለያይ ይሆናል እንጂ ጥራጊ የሌለበት ቤት የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛው ምክር ጠራጊውን አለማባረር ነው። ዘገየ ቢባል ዕረፍቱን ማሳጠር እንጂ ማስቆም መፍትሔ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ሠንጠረዦች ሁሉ እኩል አይደሉም። ብዙ ለሚለዋወጠው ለብቻው ደንብ ማውጣት ይቻላል። 20 በመቶ የሚለውን 1 በመቶ ብናደርገው፣ ያ 1,000,000 መስመር ያለው ሠንጠረዥ በ200,050 ፋንታ በ10,050 ይጠረጋል።

ሦስተኛ፣ በየገጹ ጥቂት ክፍት ቦታ ማስቀረት ይጠቅማል። ከ2008 ወዲህ የሚለወጠው ነገር በማውጫ ላይ የሌለ ከሆነና በዚያው ገጽ ቦታ ካለ፣ አዲሱ መስመር እዚያው ይጻፋል፤ ማውጫው አይነካም፤ በኋላ ገጹን የሚገልጠውም ሥራ እግረ መንገዱን ሙቱን ያነሣል። ይህ እንግዳ ሁሉ የጠጣበትን ስኒ አንሥቶ እንደሚሄድበት ቤት ነው። አራተኛ፣ የተከፈተ ሥራ ይዘጋ። አምስተኛ፣ በቀን የሚያረጅ መረጃ በየወሩ በተለየ ሠንጠረዥ ቢቀመጥ፣ ጊዜው ሲያልፍ መስመር በመስመር ከመሰረዝ ሠንጠረዡን በሞላው ማንሣት ይቻላል።

ከሁሉም በላይ ማየት ያስፈልጋል። ፖስትግሬስ የየሠንጠረዡን ሙት መስመር ግምት፣ መጨረሻ የተጠረገበትን ሰዓትና የቍጥሩን ዕድሜ ራሱ መዝግቦ ይይዛል። በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት አምስት ደቂቃ ወስዶ እነዚህን ሦስት ነገሮች የሚያነብ ኀላፊ ድንገተኛ ነገር አይገጥመውም። ሠንጠረዡ አስቀድሞ አብጦ ከተገኘ ግን ‹ቫኩም ፉል› የሚባል ጠንካራ መድኀኒት አለ፤ መዝገቡን እንደ ገና ጽፎ ያሳንሰዋል። ነገር ግን እስኪጨርስ ድረስ ሠንጠረዡን ለአንባቢም ለጸሐፊም ይቈልፈዋል። ስለዚህ የመጨረሻ መድኀኒት እንጂ የዘወትር ምግብ አይደለም።

አባቶቻችን ‹ሳይቃጠል በቅጠል› ይላሉ። ቅጠሉ ርካሽ ነው፤ የሚያስመሰግንም አይደለም። በዚህ ጠዋት ሒሳቧን ያየች እናት፣ ትኬቱን የቈረጠ መንገደኛ፣ ሪፖርቱን የላከ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ስለ ጠራጊው አላሰቡም። ጎዳናው ንጹሕ ሆኖ አገኙትና አለፉ።